ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፦ ሶርስ ኮዱ የማን ነው?

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ሥራዬ ለመሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ውል ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶኝ ሄድኩ። የንብረት መመዝገቢያ ሲስተም አላቸው። ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ጨምርልን አሉኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ የሚያስፈልገኝ ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ ነው። «ሶርስ ኮዱ የት አለ?» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ውሉ ከመደርደሪያ ወጣ። ማኅተም አለው፣ ዋጋውም በፊደልና በአኃዝ ተጽፏል። ኮዱ የማን እንደሆነ ግን አንድም ቃል የለበትም። የሠራው ድርጅት ደግሞ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ሪፖርቱን ፕሪንት ያደርጉና ያቺን ዓምድ በእስክሪብቶ ይሞሏታል።

ያን ቀን ትዝ ያለኝ የአሜሪካው ኮምፒውተር አምራች አይቢኤም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 አይቢኤም ለመጀመሪያው ፒሲው ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር መሠረታዊ ሶፍትዌር) ፍለጋ ማይክሮሶፍት ዘንድ ሄደ። ማይክሮሶፍት የራሱ አልነበረውም። ቲም ፓተርሰን የጻፈውን፣ በኋላ ዶስ የተባለውን ሲስተም ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ከሚባል ትንሽ ድርጅት መጀመሪያ በ25 ሺህ ዶላር ፈቃድ ወሰደ። በ1981 ደግሞ 50 ሺህ ጨምሮ ጠቅልሎ ገዛው። ትንሹ ድርጅት ፈቃዱን ሲሰጥ ከጀርባ ያለው ደንበኛ አይቢኤም መሆኑ አልተነገረውም። በኋላ ከሶ በ1986 በ925 ሺህ ዶላር ታረቀ።

ማይክሮሶፍት ከአይቢኤም ጋር ሲዋዋል ግን አንድ መብት ለራሱ አስቀረ፤ ያንኑ ሶፍትዌር ለሌላም መሸጥ። ብልሃቱን የተማረው ተቃጥሎ ነው። ቀደም ሲል ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌሩን ኤምአይቲኤስ የተባለ ኮምፒውተር አምራች ብቻ እንዲያከፋፍለው ፈርሞ ነበርና እጁ ታስሮ፣ በ1977 በግልግል ዳኝነት ነው የተፈታው።

አይቢኤም ያቺን መብት አልነፈገውም። ኮምፓክ የተባለ ሌላ ኮምፒውተር አምራች የአይቢኤምን ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚያስነሳውን ሶፍትዌር)፣ ዋናውን ኮድ ባላዩ መሐንዲሶች እንደ አዲስ አስጻፈ። በ1983 ማሽኑን መሸጥ ሲጀምር ዶስን ከማይክሮሶፍት አገኘ። ሌሎችም ተከተሉ። ማሽኑን ማንም ይሥራው፣ የዶስ ክፍያ የሚገባው ማይክሮሶፍት ቤት ሆነ። ቆይቶማ አምራቾች ዶስ ተጫነም አልተጫነ በሸጡት ማሽን ልክ የሚከፍሉበት ውል መጣ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ይህን ለማስቆም ስምምነት ያስፈረመው በ1994 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ ውሉ ውስጥ የሚያስገባው አንድ አንቀጽ አዘጋጁልን። መሥሪያ ቤቱ ሶርስ ኮዱን ከነማብራሪያው ይረከብ፤ በፈለገው ባለሙያም ያስተካክለው። ግን መብቱን ጠቅልላችሁ አትውሰዱ። ለአንድ ወረዳ የሠራውን ለሌላው መሸጥ የማይችል ድርጅት ሁልጊዜ ከዜሮ እየጀመረ ይኖራል፤ የሚቀጥለው ወረዳም ለዚያው ሥራ እንደገና ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። በዚሁ ሥራ እንጀራ የምበላ ነኝና ለራሴም እንደማዳላ አልክድም።

ጠበቃ ወዳጅ አለኝ። ከፈለጋችሁ የአንቀጹን ረቂቅ አብረን በነፃ እናዘጋጃለን። ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ