«የቤልጅየም ጥብስ» የሚሸጡ ቤቶች በምን እንደሚጠብሱ ይንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ቤልጅየም ዓይነት የድንች ጥብስና ዋፍል (በጋለ ብረት ውስጥ የሚጋገር ጣፋጭ ቂጣ) ቤቶች በምግብ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዙዎች የልጆች መክሰስ ነው ብለው ለሚያልፉት ምግብ ሰፊ ቦታ መስጠታችሁ ተገቢ ነው፤ በእጅ የሚበላ ርካሽ ምግብም ቢሆን ሙያ የፈሰሰበት እስከሆነ ድረስ እንደ ማንኛውም ሙያ ሊመረመር ይገባዋልና። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ስለ ወንበሩ፣ ስለ መብራቱና በዋፍሉ ላይ ስለሚደረደረው ጌጥ በዝርዝር ሲተርኩ፣ ድንቹ በምን ስብ እንደተጠበሰ፣ እዚያው ተልጦ የተቆረጠ ይሁን ከፋብሪካ ቀዝቅዞ የመጣ፣ ዋፍሉም ደንበኛው ካዘዘ በኋላ የተጋገረ ይሁን ቀድሞ ተጋግሮ የሞቀ አንድም ቃል አላነሡም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚሸጠው ነገር በመሠረቱ ሁለት ብቻ በመሆኑ፣ የቤቱ ደረጃ የሚለየው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። አንድ ነጋዴ በበሩ ላይ «የቤልጅየም» ብሎ ሲጽፍ ስለ አሠራሩ ቃል መግባቱ ነውና፣ ቃሉ መፈጸም አለመፈጸሙን መጠየቅ የጋዜጣም የተመጋቢም ድርሻ ነው እላለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ እርማት ላቅርብ። ጽሑፉ የድንች ጥብስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1680 መሆኑን፣ በቤልጅየሟ ናሙር ከተማ አካባቢ የሜዝ ወንዝ በበረዶ ሲጋገር ዓሣ ማጥመድ ያልቻሉ መንደርተኞች ድንቹን በትንንሽ ዓሣ መልክ ቆርጠው መጥበሳቸውን ያለምንም ጥርጣሬ ይናገራል። ይህን ታሪክ ያሰራጩት ጆ ጄራር የተባሉ ቤልጅየማዊ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ ማስረጃቸውም በቤተሰባቸው እጅ አለ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1781 የተጻፈ ሰነድ ነው። የምግብ ታሪክ ተመራማሪው ፒየር ሌክለርክ፣ እርሳቸው ራሳቸው ቤልጅየማዊ ሆነው ሳለ፣ ታሪኩን አይቀበሉትም። ድንች ወደዚያ አካባቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1735 ገደማ መሆኑን ያስታውሳሉ፤ ስብ እጅግ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ደግሞ ድኻ ገበሬ ድንች ለመጥበስ ብሎ ድስት ሙሉ ስብ ያቀልጣል ብሎ ማመን እንደሚያዳግት ያስረዳሉ። በእርሳቸው ጥናት መሠረት ጥብሱ በፓሪስ ጎዳናዎች ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ወደ ቤልጅየም ወስዶ ያስለመደው ፍሬደሪክ ክሪገር የተባለ ከባቫሪያ የመጣ ሙዚቀኛ ነው። ይህ የቤልጅየማውያንን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም፤ ምግቡን ማን ጀመረው ከሚለው ይልቅ ማን አሳመረው የሚለው ጥያቄ ለተመጋቢ ይጠቅማል፤ ለዚህኛው ጥያቄ ደግሞ መልሱ አያከራክርም።

ቤልጅየማውያን በጥብሱ ላይ ያመጡት ለውጥ ድንቹን ሁለት ጊዜ መጥበስና በመካከሉ ማሳረፍ ነው። ለዚህ የሚመርጡት ድንች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክላስ ደ ፍሪስ የተባሉ የኔዘርላንድ መምህር አዳቅለው ያወጡት ቢንትዬ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ሥጋው ዱቄታም በመሆኑ ሲበስል ይፈረፈራል እንጂ አይሟሽሽም። ድንቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በለጥ ባለ ውፍረት ይቆረጣል፤ በላዩ ላይ ያለው ስታርች የተባለ ዱቄታማ ንጥረ ነገር በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ እንዲወገድ ይደረግና በሚገባ ይደርቃል። ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ከ140 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሞቀ ስብ ውስጥ ሳይቀላ ውስጡ ብቻ እስኪበስል ድረስ ይቆያል። ወጥቶ ሲያርፍ በውስጡ የቀረው እርጥበት ወደ ውጭ እየወጣ ይተናል፤ ላዩም ይደርቃል። ሁለተኛው ዙር 180 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ ወርቃማውና የሚንኮሻኮሸው ቅርፊት የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰ ወፍራም ድንች ላዩ ሲቀላ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ የተጠበሰ ደግሞ ስብ ጠጥቶ ይለሰልሳል። ሁለቱ ዙሮችና የመካከሉ ዕረፍት እንደ ልማድ ብቻ የሚታዩ አይደሉም፤ አንዱ ከጎደለ ምግቡ ሌላ ምግብ ይሆናል።

ብዙ ቤቶች የሚሸነፉት በዚህ የዕረፍት ሰዓት ላይ ነው። ሰልፍ ሲረዝም የመጀመሪያውን ዙር የጨረሰ ድንች ሳያርፍ ወደ ሁለተኛው ይገባል፤ ወይም ጭራሹን ሥራው ሁሉ ለፋብሪካ ይተዋል። ከፋብሪካ ቀዝቅዞ የሚመጣው ድንች አስቀድሞ በከፊል የበሰለና የተጠበሰ ስለሆነ በቤቱ ውስጥ የሚቀረው አንድ ዙር ብቻ ነው። ይህ ነውር ነው አልልም፤ ቤልጅየም ራሷ እንዲህ የተዘጋጀ ድንች ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ናት። ነገር ግን ለትኩስ ሥራ የሚከፈል ዋጋ ጠይቆ ከካርቶን የወጣ ድንች ማቅረብ፣ ይህንንም ሳይናገሩ ማቅረብ፣ ደንበኛን ማሳሳት ነው። እኔ ራሴ በአንድ እንዲህ ባለ ቤት ድንቹ ከየት እንደሚመጣ በትሕትና ጠይቄ «ሁሉም ትኩስ ነው» የሚል መልስ ከተሰጠኝ በኋላ፣ አስተናጋጁ ከኋላው ካለው ማቀዝቀዣ የፋብሪካ ከረጢት አውጥቶ ሲቀድድ አይቻለሁ። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ እንዲል የተነገረውን ነው ያለው።

ከሁሉ አብልጬ የምጨነቅበት ግን የስቡ ጉዳይ ነው። በቤልጅየም ነባሩ የመጥበሻ ስብ የበሬ ሞራ ነው። ሞራ ከፍተኛ ሙቀትን በደንብ ይችላል፤ ለጥብሱም በአትክልት ዘይት የማይገኝ ጣዕምና ጠንከር ያለ ቅርፊት ይሰጠዋል። ዛሬ ብዙ ጠባሾች ወደ አትክልት ዘይት ቢዞሩም፣ በሞራ መጥበስን የሙያው ምልክት አድርገው የሚይዙም አሉ፤ እኔም በጣዕም ረገድ ከእነርሱ ጋር ነኝ። ሆኖም የድንች ጥብስ ያዘዘ ሰው በልቡ ያዘዘው ድንች፣ ዘይትና ጨው ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ወይም በራሱ ምርጫ የእንስሳት ስብ የማይቀምስ ሰው፣ ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ስብ የከለከለው ሰው፣ ሳያውቅ በሞራ የተጠበሰ ድንች ቢበላ የደረሰበት በደል ቀላል አይደለም። ስቡ የአትክልት ቢሆን እንኳ በዚያው መጥበሻ ቋሊማ፣ የሥጋ ኳስና ሽሪምፕ ይጠበሱበት ይሆናል፤ ለዓሣና ለመሰል የባሕር ምግቦች አለርጂ ላለበት ሰው ይህ የጤና ጉዳይ ነው። በምግብ ዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር መጨመር ለነጋዴው ምንም የማይከብድ ሲሆን፣ ባለመጻፉ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

የስቡ ዕድሜም እንዲሁ ነው። ደጋግሞ የሞቀ ስብ ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቶሎ ይጨሳል፣ ሽታውም ገና ከበር ይቀበላል። በቤልጅየም ሕግ የመጥበሻ ስብ ከ180 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተከልክሏል፤ በመሞቅ ብዛት የሚፈጠሩት ውሁዶችም ከ25 በመቶ ካለፉ ስቡ መወገድ አለበት። የአሠራር ዘይቤውን ለመቅዳት የሚፈልግ ቤት ጥንቃቄውንም አብሮ ቢቀዳ መልካም ነው። ቀለሙንም በተመለከተ፣ ጸሐፊያችሁ «ጥቁር ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰውን» ማወደሳቸው አሳስቦኛል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስታወቁት፣ ስታርች ያለበት ምግብ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ አክሪላማይድ የተባለ ለጤና አስጊ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ መጠኑም ጥብሱ በጠቆረ ቁጥር ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ድንቹ ከመጠበሱ በፊት በውሃ እንዲዘፈዘፍ፣ ጥሬው ድንች ከ6 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንዳይቀመጥና ጥብሱ ወርቃማ ቢጫ ሲሆን እንዲወጣ ያዝዛል። ደንቡ ገና በረቂቅ ላይ ሳለ የቤልጅየም ክልል የሆነችው የፍላንደርስ የወቅቱ የቱሪዝም ሚኒስትር ቤን ዌይትስ የአገራቸው ጥብስ እንዳይነካ ለአውሮፓ ኮሚሽን ደብዳቤ መጻፋቸው፣ ሕዝቡ ምግቡን ምን ያህል እንደሚያከብር ያሳያል። ፍላንደርስ እኮ የጥብስ ቤቶቿን ባህል እ.ኤ.አ. በ2014 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግባለች።

ስለ ማዮኔዙ ብዙ አልልም። በቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ የንጉሥ ድንጋጌ ማዮኔዝ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቢያንስ 80 በመቶ ቅባትና 7.5 በመቶ የእንቁላል አስኳል እንዲኖረው ያዝዝ ነበር፤ ውሃና ስኳር የበዛበትን ነጭ ፈሳሽ በጥብሱ ላይ የሚያፈስሱ ቤቶች ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ።

ወደ ዋፍሉ ስመጣ፣ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ አቅርቧቸዋል። የብራሰልሱ ዋፍል ከቀጭን ሊጥ የሚሠራ፣ በእርሾና ተመትቶ አረፋ በሆነ የእንቁላል ነጭ ቀለል ብሎ የሚነፋ፣ ማዕዘኑ የቀና ነው፤ በላዩ የስኳር ዱቄት ከተነሰነሰበት ይበቃዋል። ሊዬዥ በተባለችው የቤልጅየም ከተማ ስም የሚጠራው ግን ቅቤ የበዛበት ጠጣር ሊጥ ነው፤ በውስጡ የሚደባለቀው ስኳር በእንክብል መልክ የጠጠረ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ አይሟሟም፤ የጋለውን ብረት ሲነካ ብቻ ቀልጦ ዋፍሉን በካራሜል ይለብጠዋል። ጠርዙም ወጣ ገባ ነው። በሊዬዡ ላይ ቸኮሌትና ክሬም መከመር ጣፋጭን በጣፋጭ መቅበር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የብራሰልሱ ላይ ጥቂት እንጆሪና ክሬም ቢጨመር ግን ጣዕሙን አያበላሸውም። በዓለም ዙሪያ «የቤልጅየም ዋፍል» ተብሎ የታወቀው የብራሰልሱ ተወላጅ ነው፤ ዋልተር ክሌይማን እ.ኤ.አ. በ1962 በሲያትል፣ ሞሪስ ቬርመርሽ ደግሞ በ1964 በኒው ዮርክ በተካሄዱት ዓለም አቀፍ ትርኢቶች ላይ ለአሜሪካውያን አቅርበውታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤቶች እርሾው በቤኪንግ ፓውደር ተተክቷል፤ ሊጡ ለመቦካት የሚፈልገው ጊዜ ቀርቷል፤ የእርሾው ጣዕምም አብሮ ሄዷል።

ሁለቱም ዋፍሎች መጠበቅ አይወዱም። የብራሰልሱ ከብረቱ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል፤ የሊዬዡ ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ይደርቅና ለጥርስ ያስቸግራል። ስለዚህ ዋፍል ለማግኘት አምስት ደቂቃ የቆመ ደንበኛ መበሳጨት የለበትም፤ መጠራጠር ያለበት ገና ከማዘዙ ዋፍሉ በሳህን ሲቀርብለት ነው። ጸሐፊያችሁ ፈጣን መስተንግዶን እንደ ዋና መመዘኛ መውሰዳቸው በዚህ ምክንያት ትክክል አይመስለኝም፤ ቤቶቹን ቀድመው እንዲጋግሩ የሚገፋቸው ይኸው የደንበኛ ጥድፊያ ነውና።

እንግዲህ የዓምዱ አዘጋጆች ወደ እንዲህ ያለ ቤት በሚሄዱበት ጊዜ ድንቹ የት እንደተቆረጠ፣ በምን ስብ እንደተጠበሰና ሌላ ምን እንደሚጠበስበት፣ ስቡ መቼ እንደሚቀየር፣ የዋፍሉ ሊጥ በእርሾ ይሁን በቤኪንግ ፓውደር እንደሚነሣ ባለቤቱን በቀጥታ እንዲጠይቁና መልሱን ከቤቱ ስም ጎን እንዲያትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ለመመለስ ፈቃደኛ ካልሆነም፣ አለመመለሱን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ