«አካፍል!» ከማለታችን በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በሚጻፉ ምክሮች «ልጁን ማካፈል አስተምሩት» የሚለው ይደጋገማል፤ እንዴት የሚለው ግን አይከተልም። የሁለት ዓመት ልጅ የያዘውን መኪና ነጥቆ ለሌላው መስጠት ማካፈልን አያስተምርም፤ ጉልበት ያለው እንደሚወስድ ነው የሚያስተምረው። በዚያ ዕድሜ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጫወታል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ይህን ራሱን እንደቻለ የጨዋታ ዓይነት መዝግባዋለች፤ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ መጫወቻ ሁለት ማቅረቡ ይሻላል።

ተራ መጠበቅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይለመዳል፤ መለኪያ ካለው። «ትንሽ ቆይ» ለሕፃን ምኑም አይደለም፤ ትንሽ ስንት ነው? «እሷ ሦስት ጊዜ ትንሸራተት፣ ከዚያ ያንተ ተራ ነው» ሲባል ግን ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከአንድ ደቂቃ ባይበልጡ ጥሩ ነው። የሚጠብቀውም ልጅ ሥራ ይኑረው፤ ይቁጠር፣ ወይም የአሸዋ ሰዓቱን ይያዝ። ቃል የተገባለት ተራ «በቃ፣ መሸ» ተብሎ ከቀረበት በሚቀጥለው ጊዜ ይነጥቃል። አይፈረድበትም።

ራስን መግታት በምክር አይመጣም። ሙዚቃ ሲቆም ባሉበት ድርቅ የማለት ጨዋታ ግን ያለማምዳል። ሙዚቃውን ለ20 ሰከንድ ያህል ከፍቶ ድንገት ማቆም፣ ሦስት እስኪቆጠር መድረቅ፣ እንደገና መጀመር። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን የሚያፍነውን የአራት ዓመት ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሰውነቱ ሂድ ሂድ እያለው እሱ እንቢ እያለ ነው። ሕጉን ሲለምዱት ገልብጡት፦ ፈጣን ሙዚቃ ሲሰማ ቀስ ብሎ፣ ዝግተኛው ሲሰማ ቶሎ ቶሎ መጨፈር። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ድካሙ ወደ መጋፋት ይቀየራል።

እዚህ ላይ አዋቂዎች የሚያበላሹት አንድ ነገር አለ፤ የተንቀሳቀሰውን «ወጥተሃል!» ብሎ ማስቀመጥ። ቶሎ የሚወጣው መግታት ያቃተው፣ ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። እሱ ጥግ ይዞ ሲያኮርፍ ጎበዞቹ ይለማመዳሉ። ማንም አይውጣ፤ የሳተው በሚቀጥለው ዙር ይሞክር።

የገነባው ሲፈርስበት እየጮኸ ያለን ልጅ በዚያች ሰዓት ማስተማር አይቻልም። «ፈረሰብህ፣ ተናደድክ። መማታት ግን የለም» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል። ትምህርቱ ከተረጋጋ በኋላ፣ በእቃቃ ይመጣል። ያንኑ ጠብ በሁለት አሻንጉሊቶች ተጫወቱት፤ አጥፊው አሻንጉሊቱ ይሁን፤ «አሁን ምን ያድርግ?» ብላችሁ ለልጁ ተዉለት። አሻንጉሊቱ መስበክ ከጀመረ ልጁ ጥሎት ይሄዳል።

በመጨረሻም ትግልና መባረር ባያችሁ ቁጥር አትገላግሉ። ፊታቸው ሳቂታ ከሆነ፣ አባራሪና ተባራሪ ከተቀያየሩ፣ የወደቀው ተነስቶ ከተመለሰ ጨዋታ ነው። ሳቁ ካንደኛው ፊት ከጠፋና ያ ልጅ ማምለጫ መፈለግ ከጀመረ ያኔ ግቡ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን