ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ ሆንግ ኮንግና ስለ ጉምሩክ ክልል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ከወጣ ወዲህ «ኮምቦልቻን እንደ ሆንግ ኮንግ» የሚል ምኞት በወሎ የንግድ ሰዎች ዘንድ ይሰማል። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን በሕግ ዓይን እጅግ የተራራቁ ሁለት ነገሮችን፣ ልዩ ኢኮኖሚ ዞንንና የራሱን ቀረጥ የሚያወጣ የተለየ የጉምሩክ ክልልን፣ ያደባልቃል፤ ወሎ ሊጠይቅ የሚገባውንም ጥያቄ ያስረሳል።

የዓለም ንግድ ድርጅት መመሥረቻ ስምምነት አንቀጽ 12 አባልነትን ለአገር ብቻ አልሰጠም። በውጭ ንግድ ግንኙነቱ ሙሉ ነፃነት ያለው የተለየ የጉምሩክ ክልልም መግባት ይችላል። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 ጋት የተባለውን የቀድሞውን የንግድ ስምምነት የተቀላቀለችው ብሪታንያ በአንቀጽ 26(5)(ሐ) መሠረት «በንግድ ጉዳይ ራሷን ችላለች» ብላ ስላሳወቀችላት ነው። ቻይናም ሆንግ ኮንግ ወደ እርሷ ከምትመለስበት ከ1997 በኋላ ይህ ሁኔታ እንደሚቀጥል አረጋገጠች። ማካው በ1991 በፖርቱጋል በኩል በዚያው መንገድ ገባች። ታይዋን ግን የሚያሳውቅላት ስላልነበረ በ1990 «የታይዋን፣ የፔንጉ፣ የኪንመንና የማትሱ የተለየ የጉምሩክ ክልል» በሚል ስም አመለከተች፤ ድርድሩን ጨርሳ የገባችው ጥር 1 ቀን 2002፣ ቻይና ከገባች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እነዚህ ግዛቶች የራሳቸውን ቀረጥ ያወጣሉ፣ የራሳቸውን የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፣ በራሳቸው ስም ይፈርማሉ፣ ሲያጠፉም ራሳቸው ይከሰሳሉ። ከዚህ የተነሣ በ2003 ቻይናና ሆንግ ኮንግ እርስ በርሳቸው የንግድ ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ሉዓላዊ ባለቤቱ አንድ፣ የጉምሩክ በሩ ሁለት ነው።

ይህ አቋም ምን ያህል እንደሚጸና በ2020 ተፈትኗል። አሜሪካ የሆንግ ኮንግ ዕቃ «ቻይና የተሠራ» የሚል ምልክት እንዲለጠፍበት አዘዘች። የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች በታኅሣሥ 2022 ትእዛዙ የጋትን አንቀጽ 9(1) ይጥሳል ብለው ወሰኑ። አሜሪካ ግን ይግባኝ አለች፤ የይግባኝ ሰሚው አካል ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ስላቆመ ጉዳዩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በኢንቨስትመንት ስምምነት በኩል ደግሞ መስመሩ ይለያያል። የማካው ኩባንያ የሆነው ሳኑም ላኦስን የከሰሰው ቻይናና ላኦስ በተፈራረሙት ውል ነው። ቻይና ውሉ ማካውን አይመለከትም ብላ ብትጽፍም፣ የሲንጋፖር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ይመለከታል አለ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1998 ከቻይና ጋር የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት ፈርማለች። ስለዚህ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሼድ ለሚከራይ ኩባንያ ውል የሚያረቅ ሰው የተመዘገበበትን ቦታ፣ እውነተኛውን ባለቤትና ክርክር የሚዳኝበትን ቦታ ሳያጣራ ማስፈረም የለበትም።

ኮምቦልቻን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 96(1) የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 51 የውጭ ንግድንና ዓለም አቀፍ ስምምነትን የሚመራውም እርሱ ነው። ከራሳችን ታሪክም ምሳሌ አለ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 ያጸደቀው ውሳኔ 390 ለኤርትራ የራሷን ምክር ቤትና በጀት ሲሰጥ ፌዴሬሽኑን አንድ የጉምሩክ ክልል አድርጎ ነበር። ነገር ግን መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ ከሆነ ዕቃ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሆን ደነገገ። የገቢ ክፍፍልን የሚፈልግ ሰው የግድ የተለየ የጉምሩክ ክልል መመኘት እንደሌለበት ከዚህ ይረዳል።

የዞኑ አጥር ለቀረጥ ሒሳብ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወጥቶ ደሴ ፒያሳ የሚሸጥ ሸሚዝ እንደ ገቢ ዕቃ ቀረጥ ይጠየቅበታል፤ ወደ ጎረቤት አገር የሚላከው ደግሞ አጥሩ ውስጥ ስለተሰፋ ብቻ የኢትዮጵያ ሥሪት አይባልም። ከኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የሥሪት አገር መመዘኛዎች አንዱ ቢያንስ 35 በመቶ የተጨመረ እሴት ነው። ሸሚዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ወጪው 1000 ብር ከሆነ፣ ከውጭ የመጣው ጨርቅ፣ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ከ650 ብር መብለጥ የለበትም። ጨርቁ ከእስያ ተጭኖ እዚህ ስፌት ብቻ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ አይሞላም። አጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደው የአሜሪካ ሕግ) የውጭ ጨርቅ ይታገስ ስለነበር ይህ ክፍተት አይታይም ነበር፤ ያ ዕድል ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲዘጋ ግን ችግሩ ፈጦ ወጣ።

ሒሳቡ ሞልቶም ወረቀቱ የሚጥለው አለ። የአገር ውስጡና የውጭው ክር ያለ መለያ አንድ መጋዘን ሲገባ፣ በዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ ማሳወቂያ) ላይ ያለው የታሪፍ ቁጥር ከምስክር ወረቀቱ ሲለይ፣ የግዥ ደረሰኙ አዲስ አበባ ቀርቶ መርማሪው ኮምቦልቻ ሲደርስ ምስክር ወረቀቱ ይሰረዛል። ይህ ሁሉ በአንድ መዝገብ ሠራተኛ የሚፈታ ነገር ስለሆነ መክሰሩ ያሳዝናል።

ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ማመልከቻዋን ያስገባችው ጥር 1995 ዓ.ም. ነው። የአባልነት ድርድር ሲደረግ ስለ ልዩ ዞኖችና ስለ ክልል መስተዳድሮች ይጠየቃል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 ስትገባ ከልዩ ዞኖቿ ወደ ቀረው አገሯ በሚገባ ዕቃ ላይ መደበኛውን ቀረጥ ለማስከፈል ቃል ገብታለች። የጋት አንቀጽ 24(12)ም ክልሎችና ከተሞች ግዴታውን እንዲያከብሩ ማዕከላዊው መንግሥት የሚቻለውን እንዲያደርግ ያዛል። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርድ ጭነት በየኬላው የሚከፍለው የኮቴ ክፍያ እንግዲህ የአካባቢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የወሎ ነጋዴዎች ድምፅ የሚሰማውም እዚህ ላይ ነው። በመስመሩ ላይ የሚከፈለው እያንዳንዱ ክፍያ፣ መጠኑ፣ ያስከፈለው አካልና የተጠቀሰው መመሪያ ከደረሰኝ ቅጂ ጋር ተሰባስቦ በንግድ ምክር ቤቶች በኩል ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይላክ። ያልታተመ መመሪያ ከተጠቀሰ ለብቻው ይመዝገብ፤ የጋት አንቀጽ 10 የንግድ ደንብ ሁሉ እንዲታተም ያስገድዳልና። ደረሰኝ ያልተቆረጠበት ክፍያ ካለ ደግሞ ቀኑ፣ የኬላው ስምና የጭነቱ ዓይነት ይጻፍ።

ከደሴ