ከሕሙማኑ ጎን ለሚቀር ነርስ የሥራ መደብ ይፈጠርለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ላይ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ ሰሞኑን ከአዳር ተረኝነት ስንወጣ «ሲስተር፣ ማስተርሱን ልማረው ወይስ ይቅርብኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። የምትፈልገው ቢሮ አይደለም፤ ሕመምተኛ ማከም ነው። «ተማሪ» ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

እኔ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ የጠበቀኝ ትቼው የሄድኩት የተረኝነት ሰሌዳ ነበር። በካርድ ላይ የማዘው ነገር ከመማሬ በፊት ከነበረው በአንዲት መስመር አልጨመረም። አብረውኝ ከተመረቁት ገሚሱ መምህር፣ ገሚሱ የቢሮ ኃላፊ፣ የቀሩት የፕሮጀክት ሠራተኛ ሆነዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ ደረጃና ደመወዝ የሚገኘው ከሕመምተኛው በመራቅ ከሆነ ሰው ይርቃል።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ የተነሣው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሶች ሕፃናትን መርምረው እንዲያክሙ የሚያበቃ ሥልጠና ጀመሩ። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ራሱን ችሎ መርምሮ ለሚያክም «ከፍተኛ ነርስ» ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲጠየቅ መክሯል። በእኛ አገር ዲግሪው አለ፤ የጎደለው ከዲግሪው ጋር የሚሄደው ሥልጣን ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጤና ጣቢያዎቻችን ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መርምሮ መድኃኒት የሚያዝላቸው በአብዛኛው ነርስ ነው፤ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናውም ወደየወረዳው የደረሰው በነርሶች እጅ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ደግሞ የጤና መኮንኖች በቀዶ ሕክምና ማዋለድን ተምረው ስፔሻሊስት ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል እናቶችን አትርፈዋል። ታዲያ የነርሷ ነገር ላይ ሲደረስ የምንፈራው ምኑን ይሆን?

አንድ ሌሊት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ተጭኖ የመጣ ወጣት ከደረቱ እየሳበ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፤ የስኳር መለኪያዋ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ቁጥር መስጠት ትታለች። ስኳሩ ከመጠን አልፎ ደሙን አሲድ እንዳደረገበት (ኬቶአሲዶሲስ) ለመናገር ሁለተኛ ዲግሪም አያስፈልግም ነበር። ኢንሱሊኑ ከመጀመሩ በፊት ፈሳሹ መቅደም፣ በደሙ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድንም መታየት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ማዘዝ ግን አልችልም። የደም ሥሩን ከፍቼ ተረኛውን ሐኪም አስጠራሁ፤ እሱ ሌላ ነፍስ እጁ ላይ ስለነበረች ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በካርዱ ላይ «ለሐኪም ተነግሯል» የምትለዋን የታወቀች ዐረፍተ ነገር ከነሰዓቷ ሦስት ጊዜ ጻፍኳት። ሐኪሙ ከ50 ደቂቃ በኋላ መጥቶ ያዘዘው ስጠብቀው የነበረውን ነው። ልጁ ዳነ፤ እነዚያን 50 ደቂቃዎች ግን እኔ እስካሁን እቆጥራቸዋለሁ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ ጎረቤቴ የመድኃኒታቸው መጠን እንዲስተካከልላቸው ብቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጥተው፣ ደሴ ተሰልፈው፣ በዚያው ቀን ይመለሳሉ፤ በክረምት ጉም ሲወርድማ ቀጠሮውንም ይተዉታል። በስኳርና በደም ግፊት ክትትል የሠለጠነ፣ መጠን የመቀየር ሥልጣን ያለው አንድ ነርስ በአቅራቢያቸው ቢኖር ይህ ሁሉ መንገድ ባልተሄደ ነበር።

ሐኪሞች ባልደረቦቼ «ሲሳሳት ማን ይጠየቃል?» ማለታቸው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሥራውን መከልከል ሳይሆን ወሰኑን መጻፍ ነው፤ ከፍተኛ ነርስ የትኛውን ሕመም በራሱ እንደሚያክም፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያዝ፣ መቼ ለሐኪም እንደሚያስተላልፍ፣ ከምርቃት በኋላ ስንት ወር በሐኪም ክትትል ሥር እንደሚቆይ በግልጽ ይደንገግ፤ ከዚያም ራሱን የቻለ የሥራ መደብና የደመወዝ ደረጃ ይውጣለት። መደቡ ሳይኖር ወሰኑ ብቻ ቢጻፍ ያው ሥራ መጨመር ነው።

ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው የጤና አመራሮች አቅርቦ ምላሻቸውን ቢያትምልን እወዳለሁ። የባልደረባዬ የማመልከቻ ጊዜ እየቀረበ ነው፤ እኔም መልስ አልሰጠኋትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከኮምቦልቻ