ለአባዬ፦ የዝሆን ጥርሱ ጉዳይ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ እያደረግክ እንደሆነ እህቴ ነግራኛለች፤ እሰየው። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ የመጣሁት ነገሩ ረጅም ስለሆነ ነው፤ እየተቆራረጠ በሚሄድ መስመር የሚያልቅ ወሬ አይደለም። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልህ። ከደከመህ የቀረው ነገ ይነበባል።

ወሬው የመቃብር ነው፤ ግን አይክበድህ። እኔ ባለሁበት በእንግሊዝ አገር በስተምሥራቅ ሊንከንሽር የሚባል የእርሻ አገር አለ። እዚያ ስክረምቢ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ በ2018 የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንድ የጥንት መካነ መቃብር ቆፈሩ። (የምጽፍልህ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) መቃብሩ የአንግሎ ሳክሰኖች ነው። ሮማውያን በ410 ገደማ ብሪታንያን ለቀው ከሄዱ በኋላ ከዛሬዋ ሰሜን ጀርመንና ዴንማርክ በኩል ባሕር ተሻግረው የሰፈሩት ሰዎች ማለት ነው። ስክረምቢ ላይ የተቀበሩት ከ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 6ኛው አጋማሽ የኖሩ ናቸው። ክርስትና ገና አልደረሳቸውም ነበርና ሟቹን ከነጌጡ ነው የሚቀብሩት። ሴቶቹማ በቃ ተሸልመው ነው የተኙት፤ ትከሻና ደረታቸው ላይ የነሐስ የልብስ ማያያዣ፣ አንገታቸው ላይ የአምበር (ድንጋይ የሆነ የጥንት የዛፍ ሙጫ ነው) እና የመስታወት ዶቃ። ወገባቸው ጋ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ቀለበት።

የጣት ቀለበት እንዳይመስልህ። ትልቅ ነው፣ እጅ ያስገባል። የዝሆን ጥርስ ወደ ሥሩ በኩል ውስጡ ክፍት ነው፤ እዚያ ጋ አግድም ሲቆርጡት ክቡ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ይወጣል። ያንን የጨርቅ ከረጢት አፍ ላይ ይሰፉትና ከወገባቸው ያንጠለጥሉታል። ጨርቁ በስብሶ ጠፍቷል፤ የቀረው ቀለበቱና የከረጢቱ ዕቃ ነው። እዚህ አገር በመቶዎች በሚቆጠሩ የዚያ ዘመን መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። አንዱን ሙዚየም ገብቼ ጎንበስ ብዬ በደንብ አይቼዋለሁ። ነጭ አይደለም፤ አፈሩ ቡናማ አድርጎታል። ድርብርቡ እየተላጠ ተነስቷል፣ ዙሪያውም ሙሉ አይደለም፣ ስብርባሪውን ገጣጥመው ነው ያስቀመጡት። ከእንዲህ ዓይነት ከረጢት ውስጥ የሚወጣው ነገር ደግሞ ይገርማል፦ የተበሳ የድሮ የሮም ሳንቲም፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የብረት ቁልፍ፣ የነሐስ ቁርጥራጭ። ለሌላ ሰው ኮተት ነው። ለባለቤቷ ግን እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በመቀነቷ ቋጥራ እንደምትይዘው ነገር ነው፤ ማንም አይነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ዝሆን በሌለበት አገር የዝሆን ጥርስ ከየት መጣ? ድሮ ሁሉም የየራሱን ይገምት ነበር። ዋልረስ የሚባለው የሰሜን ባሕር እንስሳ ጥርስ ነው ያለ አለ፣ ከጠፋው ጸጉራም የጥንት ዝሆን ከማሞዝ ነው ያለ አለ፣ ከሮማውያን የተረፈ አሮጌ ዕቃ ነው ያለም አለ። ስክረምቢ ላይ የተገኘው ቀለበት ላብራቶሪ ገብቶ ውጤቱ በ2023 ሲወጣ ግምቱ ሁሉ ወደቀ። ፕሮቲኑ ሲመረመር የአፍሪካ ዝሆን ሆኖ ተገኘ። የካርቦን ምርመራው ዝሆኖቹ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ናቸው አለ፤ ስለዚህ የሮማውያን ትራፊ አይደለም፣ ያኔውኑ የተነገደ ትኩስ ሸቀጥ ነው። ሦስተኛው ነው እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ። ስትሮንሽየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከዓለቱ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ሣሩና ቅጠሉ፣ ከዚያ ወደ ዝሆኑ ሆድ ይገባና ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። እሱን ለክተው ዝሆኖቹ የጋጡበት አገር ዕድሜው አጭር የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለበት ነው አሉ። ለምሳሌ እንደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ያለ።

አባዬ፣ ስምጥ ሸለቆ! የጥንቱን የአክሱም መንግሥት ወደብ፣ አዱሊስን፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትስል የኖርከው አንተ ነህ። ዝሆን ጥርስ ወደ ውጭ ይላክ ነበር ትለን ነበር፤ ወዴት እንደደረሰ ግን ከሮምና ከፋርስ ወዲያ መጽሐፍህም አይልም። ይኸው፣ አንዱ ሊንከንሽር ውስጥ የአንዲት ሴት ወገብ ላይ ደርሷል።

ስምጥ ሸለቆው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ አጥኚዎቹም ቢሆኑ ከአክሱም ነው ብለው አልማሉም። ግን በዚያ ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሜዲትራኒያን የሚወጣ የዝሆን ጥርስ ዋናው በር ማን ነበር? የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አፄ ካሌብ ለሂምያር (ለዛሬዋ የመን) ዘመቻ ሲዘጋጁ አዱሊስ ነበር፤ የኢትዮጵያ ዝሆን ጥርሱ ትልቅ ነው፣ ወደ ህንድ፣ ወደ ፋርስ፣ ወደ ሂምያርና ወደ ሮማውያን አገር በመርከብ ይሄዳል ብሎ ጽፏል። የንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ መልእክተኛ ኖኖሶስም ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ 5,000 የሚያህል ዝሆን በአንድ ሜዳ ላይ አየሁ ብሏል። ዘመኑ ገጠመልህ አይደል? ከቀይ ባሕር ወደ ግብፅ፣ ከእስክንድርያ በመርከብ ወደ አውሮፓ፣ ከዚያ በየብስና በወንዝ ወደ ሰሜን፤ ተመሳሳይ ቀለበት በጀርመንና በፈረንሳይ በኩል ባሉ መቃብሮችም ይገኛል። ስንት እጅ እንደነካው አስበው። ገዢዋ የአክሱምን ስም ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። ሻጩም ቢሆን ብሪታንያን አያውቃትም። ዕቃው ግን ሄደ።

ሌላም ልንገርህ። ከሮም የተላከው አውግስጢኖስ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ኬንት ደርሶ ለአንግሎ ሳክሰኖቹ ወንጌል መስበክ የጀመረው በ597 ነው። የኛ ኢዛና እኮ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ተጠምቀው ነበር። ይህን የምልህ እንድንኮራ ብቻ አይደለም፤ ልጆች ሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ሲያዩት የዓለም ካርታ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሌላ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

እዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሰተን ሁ ስለሚባለው፣ በወርቅ ስለተሞላው ሌላ የአንግሎ ሳክሰን መቃብር ነው። በ1939 ወይዘሮ ኢዲት ፕሪቲ መሬታቸው ላይ ያለውን ጉብታ ባዚል ብራውን የሚባል ሰው ሲቆፍርላቸው 27 ሜትር የሚሆን መርከብ ተገኘ። እንጨቱ ጠፍቶ አሸዋው ላይ ቅርጹና የብረት ምስማሩ ብቻ ቀርቶ። የወርቁ ሥራ ዓይን ይስባል፣ የራስ ቁሩ ፊት ለፊት ሰው አይጠፋም። አንተ ብትመጣ ግን መጀመሪያ የማሳይህ ትልቁን የብር ሳህን ነው፤ ጀርባው ላይ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የአናስታስዮስ ማኅተም አለበት። ለካሌብ ደብዳቤ ከላከው ከዩስቲኖስ በፊት የነገሠው ማለት ነው።

ሰውም ቢሆን ከአፍሪካ መጥቷል። ኬንት ውስጥ አፕዳውን በሚባል ቦታ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበረች አንዲት ልጅ አለች፤ ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዲኤንኤዋ ሲታይ በአባቷ ወገን የምዕራብ አፍሪካ ደም አላት፤ ምናልባት አያቷ ነው። ከእኛ አካባቢ አይደለችም፣ ለራሳችን አልወስዳትም። ግን እንደማንም የአገሩ ልጅ በዘመዶቿ መካከል ነው የተቀበረችው። ይህን ሳነብ ልጄን አየሁት።

የልጅ ልጅህ አሁን ትምህርት ቤት አንግሎ ሳክሰን እየተማረ ነው። ካርቶን ቆርጦ የራስ ቁሩን ሠርቶ ቤት ውስጥ አድርጎት ይዞራል። አንድ ማታ «ማሚ፣ ያኔ እኛ ምን እያደረግን ነበር?» አለኝ። የዝሆን ጥርሱን ነገር ነገርኩትና ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ጥያቄው በዛብኝ። ዝሆኑን ማን አደነው? እንዴት ተሸክመው ባሕር ደረሱ? ምን ተከፈላቸው? ይሄ የአያትህ ነው አልኩት።

ባለፈው «የኔ ታሪክ ከእንግዲህ ለማን ይጠቅማል» ብለህ ደብተሮችህን ለሱቅ መጠቅለያ ልትሰጥ እንደነበር እህቴ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። እባክህ፣ አንድም ቅጠል እንዳይወጣ። የአክሱሙን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፣ ተነጋግረናል። አንተ ደግሞ ለልጁ በድምፅ ቅዳለት። ድሮ መብራት ሲጠፋ የምታወራልንን፣ ነጋዴዎቹ በሬና ጨውና ብረት ይዘው ወደ ሳሱ ወርደው ወርቅ ይዘው ሲመለሱ ያለውን፣ እሱንም ጨምርለት። አማርኛው ገና ስለሆነ ቀስ በል፣ ረጅም ቢሆን ግድ የለም፤ ከፋፍላችሁ በቴሌግራም ላኩት። ከዝሆኖቹ ጀምርለት።

ልጅህ