ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ

ውድ ልጄ፣

ትናንት የላክሽልኝን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጽሑፍና ኮድ በምንጽፍበት በኢማክስ ላይ ጭኜ ሞከርኩት። ፋይሉ ውስጥ ቀለም የሚገልጹት ቁጥሮች ጠፍተው በምትካቸው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሣጥኖች ብቅ ሲሉ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሣጥኖቹን ቢያድጉም በማይደበዝዘው የሥዕል ዓይነት፣ በኤስቪጂ መሣልሽን ወድጄዋለሁ። ሰው ፊደሉን ሲያሳድግ ሣጥኑም አብሮ እንዲያድግ ማድረግሽን ደግሞ የበለጠ።

ከዚያ ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ዘጋሁትና መልሼ ከፈትኩት። ቁጥሮቹ የሉም። በየቦታቸው አንድ አንድ ስፔስ (ባዶ ቦታ) ብቻ ቀርቷል።

ችግሩ ኢንሰርት ኢሜጅ የሚለው ትዕዛዝ ላይ ነው። ኢማክስ ባፈር ውስጥ፣ ማለትም የተከፈተው ጽሑፍ በሚያዝበት ቦታ፣ ሥዕል ራሱን ችሎ አይቆምም፤ የሚያርፍበት ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ጽሑፍ ካልሰጠሽው ትዕዛዙ አንዲት ስፔስ ያስገባና ሥዕሉን እሷ ላይ ያሳርፋል። አንቺ መጀመሪያ ቁጥሩን አጠፋሽ፣ ከዚያ ሥዕሉን አስገባሽ። ዓይን ሣጥን ያያል፤ ባፈሩ ውስጥ ያለው ግን ስፔስ ነው። ሴቭ ሲደረግ ፋይሉ ላይ የምትጻፈውም እሷው ናት።

ቶሎ የገባኝ እኔም ድሮ ይህንኑ ስለሠራሁ ነው። በጽሑፍ የተሠሩ ሠንጠረዦችን ወደ ግራፍ የሚቀይር ፕለጊን ጽፌ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ነበረ። ኢማክስን የሚጠቀመው በኢማክስፒክ ነው፤ ቲ. ቪ. ራማን በ1995 ያወጣው፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚናገር ሥርዓት። ራማን ራሱም ዓይነ ስውር ነው። ባልደረባዬ ፕለጊኔን ጭኖ ፋይሉን ከፈተ። ትንሽ ቆየና «እዚህ እኮ ምንም የለም» አለኝ። ወር ሙሉ የለፋሁበት ግራፍ ለእሱ አንድ ስፔስ ነበር። ሠንጠረዡን ሳልነካ ብተውለት ኖሮ ሁሉንም ያነበው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ኦቨርሌይ ተጠቀሚ። ኦቨርሌይ ጽሑፉን አይነካም፤ ከላይ ይነጠፋል እንጂ። ዲስፕሌይ በሚለው ባሕርይ ሥዕሉን ስትሰጪው ስክሪኑ ላይ ሣጥኑ ይታያል፣ ቁጥሩ ግን ከሥር እንዳለ ነው። ኮፒ ያደረገ ሰው ቁጥሩን ያገኛል። ሥዕል በማያሳይ ተርሚናል የከፈተውም ቁጥሩን ያያል። ዲስፕሌይን ጽሑፉ ላይ በቀጥታ መለጠፍም ይቻላል፤ ያኔ ግን ኢማክስ ባፈሩ ተቀይሯል ብሎ ይመዘግባል። ሰውዬው አንድ ፊደል ሳይነካ «ሴቭ ላድርግ?» ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ኦቨርሌይ ይሄ ጣጣ የለበትም።

ጠቋሚው ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሥዕሉ ይነሳና ቁጥሩ ይታይ፤ ሰው የማያየውን ጽሑፍ ማስተካከል አይችልም። ለዚህ ፖስት ኮማንድ ሁክ የሚባለው የፋንክሽኖች (የኮድ ቁራጮች) ዝርዝር ይበቃሻል። ግን ተጠንቀቂ። እዚያ ያስገባሽው ፋንክሽን ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ይሮጣል። አንድ ፊደል መጻፍም ትዕዛዝ ነው። ከባድ ነገር እዚያ ካስቀመጥሽ ጣት ይቀድምና ፊደሉ ይዘገያል። ውስጡ ኤረር ከተፈጠረ ኢማክስ ፋንክሽኑን ከሁኩ ያወጣዋል። ያኔ ፕለጊንሽ በድንገት ሥራ ያቆማል፣ አንቺም ምክንያቱን ስትፈልጊ ትውያለሽ።

ከዚሁ ጋር፣ ፋይሉ ሲከፈት ሁሉንም ሣጥን በአንዴ አትሣዪ። ኢማክስ ውስጥ ፕለጊኖች የሚጻፉበት የሊስፕ ቋንቋ ኮድ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚሮጠው። ሦስት ሺህ ሣጥን ስትሥዪ ሰውዬው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ጂት ሎክ በሚባለው የኢማክስ ክፍል ላይ ፋንክሽንሽን አስመዝግቢ፤ ለስክሪን የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ እየሰጠ ይጠራዋል። አንድ ቀን እውነት ከባድ ነገር ለመሣል ከተነሳሽ ኢማክስ ውስጥ የፒዲኤፍ ፋይል የሚያሳየው ፕለጊን፣ ፒዲኤፍ ቱልስ፣ እንዴት እንደተሠራ እዪ። ገጹን የሚያዘጋጀው በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከኢማክስ ውጭ የሚሮጥ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ ኢማክስ ከእሱ ጋር እየተነጋገረ ውጤቱን ያሳያል።

ቀለማቱን ግን አትንኪያቸው። የሣጥኑ ጠርዝ ላይ ያደረግሻት ቀጭን መስመር ነጭን ከነጭ ዳራ ለይታዋለች። እኔ አላስባትም ነበር።

ኦቨርሌዩን ስትጨርሺ ላኪልኝ። ሴቭ አድርጌ፣ ዘግቼ፣ መልሼ እከፍተዋለሁ። ከዚያ ለባልደረባዬ እልክለታለሁ፤ አሁንም እንጻጻፋለን።

አባትሽ