ጉዳዩ፦ ከታዘዘልኝ የሳል ሽሮፕ ሌላ ስለተሰጠኝ የቀረበ ቅሬታ

ለመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ
ጅማ

የ2 ወር ልጅ የማጠባ እናት ነኝ። በዚህ ዝናብ የያዘኝ ደረቅ ሳል ሌሊት አላስተኛ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ማጥባቴን ጠይቆ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት ሽሮፕ አዘዘልኝ።

ሐሙስ ወደ እናንተ መጣሁ። ሰው ሞልቷል። ባለሙያው ማዘዣዬን አየት አደረገና «ይሄ አልቋል፤ ይሄኛውም ያው ነው» ብሎ ሌላ ጠርሙስ ሰጠኝ። «አንድ ማንኪያ፣ በቀን ሦስቴ።» የሻይ ይሁን የሾርባ ማንኪያ አልነገረኝም። መለኪያም አልነበረውም። ታጠቢያለሽ ወይ አላለኝም፤ ልጄ ግን ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነበር።

ሳሉ ጋብ አለልኝ፣ አልክድም። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን ልጄን ላጠባት ሳነሳት አልነቃ አለችኝ። ጡቴን አፏ ውስጥ ባደርገውም አትስብም። እጇን ሳነሳው ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል። ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ አስጠጋሁ። አንዴ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ዝም። በዚያ ዝናብ ባጃጅ ለምነን ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ ጠርሙሱን እንዳየች «ይሄ እኮ ኮዴይን አለበት፤ ማን ሰጠሽ?» አለችኝ። ልጄ በኦክስጅን አደረች። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን።

ሁለቱም ሳል ያስታግሳሉ፤ ያው ግን አይደሉም። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። አንጎል ላይ ሳሉን ያፍናል፣ ሲበዛ ትንፋሽንም ያዳክማል፣ ሱስም ያስይዛል። አንዳንድ ሰው ላይ ቅየራው በጣም ይፈጥናል፤ ሞርፊኑም በወተት ወደ ሕፃን ያልፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ቅየራ የሚያፋጥነው ዘረ-መል (ጂን) ተደራርቦባቸው አግኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዱት፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ይህን እኔ ያወቅሁት ልጄ ከታመመች በኋላ ነው። እናንተ ግን ሥራችሁ ነው።

የጠፋ መድኃኒት ሲኖር ላዘዘው ሐኪም ደውሉ፤ ካልሆነ «የለም» በሉን፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ሴት ስትመጣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እንደሆነች ጠይቁ። መጠኑን በሚሊ ሊትር፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ሽሮፑን ትቀዳልኝ የነበረችው አማቴ ናት፤ እንግሊዝኛ አታነብም። እስከ ዛሬ ራሷን ትወቅሳለች።

ጠርሙሱ እጄ ላይ ነው፣ የማዘዣው ፎቶም ስልኬ ላይ አለ። በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለጤና ቢሮ አቀርባለሁ።

የሕፃኗ እናት